ሜትሩ ይቅደም

ባለፈው ጥር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። "ልጄ፣ ውጭ ያለው ማሽን እየጨሰ ነው። ልጆቹን ይዤ ልውጣ ወይ?" የሚሉኝ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸው ነርስ ናት፤ ያን ሌሊት ተረኛ ነበረች። እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ትንሹን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መስኮቱ ሥር ቆመዋል።

"እማማ፣ አይደንግጡ። ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው። ማሽኑ ላዩ ላይ የያዘውን በረዶ ራሱ እያቀለጠ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁት" አልኳቸው። ስልኩን ሳንዘጋ አብረን ጠበቅን። እንፋሎቱ ቆመ። እፎይ ካሉ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ አነሱ፦ "እሱስ ይሁን። ታዲያ በአዲስ ማሽን ቤቱ ለምን ይበርዳል?"

ይህን በስልክ ልመልስላቸው አልቻልኩም። ሲነጋ ሄድኩ።

እንጀራዬ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መግጠምና መጠገን ነው። 19 ዓመት ሙሉ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የወገኖቼን ቤዝመንትና አቲክ ስገባ ስወጣ ኖሬያለሁ። የዚያ ቤት ታሪክ ለእኔ አዲስ አልነበረም። በ1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው፤ ስፋቱ 1,600 ስኩዌር ፊት ገደማ። ጓሮው ውስጥ ባለ 5 ቶን ሂት ፓምፕ ተተክሏል። ሻጩ አንድ ምሽት መጥቶ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ታብሌቱን ዘርግቶ፣ "ትልቁን ውሰጂ፣ ከእንግዲህ ብርድ አያገኝሽም" ብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጃቸውን አስፈርሟት ሄዷል። አቲክ አልወጣም። መስኮት አልቆጠረም። ዳክቱን አላየም። ልጅቱ ግን የአሥር ዓመት ዕዳ ገብታለች።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ላሉት ነው። ብዙዎቻችን በዚህ አገር በላባችን ቤት ገዝተናል። የገዛነው ቤት አርጅቷል፣ ፈርነሱም ኤሲውም ዕድሜውን ጨርሷል። አሁን ሁላችንም በተራ "ምን ላስገባ?" እያልን እንጠያየቃለን። እኔም በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ ከቅዳሴ በኋላ በየደጀ ሰላሙ የምጠየቀው "የትኛው ብራንድ ይሻላል?" ነው። ጥያቄው ከመጨረሻው ጀመረ እላለሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው "ቤቴ ስንት ሙቀት ይፈልጋል?" የሚለው ነው።

አባቴ ደብረ ብርሃን ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችውም ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ ጋ ኮት ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ "ሰፋ አድርገህ ስፋልኝ፣ ብርድ እንዳይገባ" ይለው ነበር። አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ክንዱን እየለካ "ብርድ የሚገባው በሰፊው ኮት ነው፤ ሰፊ የፈለገ ጋቢ ይልበስ" ይል ነበር።

ሥራዬ የገባኝ በዚህ አባባል ነው። የድሮው የጋዝ ፈርነስ እንደ ጋቢ ነው። ከልክ በላይ ቢሆንም እንኳ ቤቱን በአንዴ ያግለዋል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሳል፤ ጋዝ ርካሽ በነበረበት ዘመን ጉድለቱን ማንም አላየበትም። ሂት ፓምፕ ግን ኮት ነው። በልክ ከተሰፋ ከእሱ የሚሞቅ የለም። በግምት ከተገዛ ደግሞ ገንዘቡም ይወጣል፣ ብርዱም ይቀራል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። ሂት ፓምፕ ሙቀት አያመርትም፤ ያጓጉዛል። ከማቀዝቀዣችሁ ጀርባ እጃችሁን ብታስጠጉ ይሞቃችኋል፤ ያ ሙቀት ከውስጡ፣ ከወተቱና ከአትክልቱ ተወስዶ የወጣ ነው። ሂት ፓምፕ ደግሞ ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል፤ በበጋ ተገልብጦ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ይጥላል። ስለዚህ አንድ ማሽን ማሞቂያም ኤሲም ነው። ውርጭ በሆነ አየር ውስጥ ምን ሙቀት አለ የሚል ሰው አይጠፋም። አለ። በኖርዌይ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤተሰብ በሂት ፓምፕ ነው የሚሞቀው።

ማምረት ቀርቶ ማጓጓዝ መሆኑ ነው ትርፉ። ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በልቶ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ ከዚያ አያልፍም። ሂት ፓምፕ በዚያው መብራት እንደ አየሩ ሁኔታ ሁለት፣ ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ሙቀት ያስገባል። ነገር ግን ውጭው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚለቀመው ሙቀት ያንሳል፣ ድካሙም ይበዛል። ቤቱ የሚፈልገው ሙቀት ደግሞ በዚያው ሰዓት ይጨምራል። መለካት የሚያስፈልገው እነዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ወደ እማማ ቤት ልመለስ። አቲክ ወጣሁ። ኢንሱሌሽኑ ሳስቷል፣ የአቲኩ መውጫ በር ላይ ምንም የለም፤ ከታች የሚሞቀው አየር በዚያ ቀዳዳ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ዳክቶቹ መገጣጠሚያቸው ላይ ተላቀዋል። በአሜሪካ ቤቶች በዳክት ውስጥ ከሚሄደው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በመፍሰስ እንደሚባክን የኢነርጂ ስታር ፕሮግራም ይናገራል፤ ያ ቤት ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን ለክቼ፣ በሙያችን "ማኑዋል ጄ" የሚባለውን ስሌት ሠራሁ። ቤቱ በአካባቢያችን ከባድ ብርድ በሚባለው፣ 17 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ በሆነ ሌሊት የሚፈልገው በሰዓት 30,000 ቢ.ቲ.ዩ. ነው። አንድ ቶን 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. ስለሆነ፣ ለዚያ ቤት ዋናው ቁም ነገር በዚያ ብርድ ሁለት ቶን ተኩል የሚሰጥ ማሽን ማግኘት ነበር። የተሸጠላት ባለ 5 ቶን ነው።

"ቢበዛ ምን ይጎዳል?" ትሉ ይሆናል። ሦስት ነገር ይጎዳል። አንደኛ፣ ለአንድ ቶን በየደቂቃው 400 ኪዩቢክ ፊት ገደማ አየር በዳክቱ ማለፍ አለበት፤ ለአምስት ቶን 2,000 ማለት ነው። የዚያ ቤት ዳክት ግማሹን ቢያሳልፍ ነው። ስለዚህ አየሩ ይጮኻል፣ ማሽኑ ይታፈናል፣ የላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት ምንም አይደርሰውም። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ቶሎ አሙቆ ቶሎ ይጠፋል፤ በዚህ መነሳትና መውደቅ መብራት ይበላል፣ ኮምፕረሰሩም ዕድሜው ያጥራል። ሦስተኛ፣ የዋሽንግተን አካባቢ ሐምሌ ወበቁን ታውቁታላችሁ። ማሽን እርጥበት የሚያደርቀው ረጅም ሰዓት ሲሠራ ነው። አምስት ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ኤሲ ቤቱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያደርቀውም፤ ቤዝመንቱ ይሻግታል።

የባሰው ጉዳት ግን ቴርሞስታቱ ላይ ነበር። ከፈርነስ የሚወጣው አየር በጣም ይሞቃል፣ 120 ዲግሪ ፋራናይትና ከዚያም በላይ። ከሂት ፓምፕ የሚወጣው 90 ወይም 100 ነው፤ ቤቱን ለማሞቅ ይበቃል፣ እጅ ላይ ሲያርፍ ግን ለብ ያለ ነው የሚመስለው። እማማ እጃቸውን ዘርግተው "ይሄ ነገር ብርድ ነው የሚነፋው" ሲሉ፣ ልጅቱ እናቷ እንዳይበርዳቸው ቴርሞስታቱን ወደ "ኢመርጀንሲ ሂት" አዞረችው። ያኔ ሂት ፓምፑ ይተኛል፣ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ይነድዳል። የዚያ ቤት ሽቦ 10 ኪሎዋት ነው። በአገር ቤት ምሳሌ ልንገራችሁ፤ ሦስት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ ለኩሶ፣ ሊጥ ሳይፈስበት፣ ቀንና ሌሊት እንደመተው ነው። ቢሉ ሲመጣ ካለፈው ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ልጅቱ በእናቷ መምጣት የመጣ መሰላት፤ እማማም ለልጃቸው ሸክም የሆኑ መስሏቸው ሲጨነቁ ከረሙ። ይህ ነው እኔን ያንገበገበኝ። ጥፋቱ ካለመለካት የመጣ ነበር፤ ኀፍረቱ ግን እናት ላይ ወደቀ።

እንግዲህ ሂት ፓምፕ ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ ከራሳችሁ ጀምሩ። ያለ ማንም እርዳታ የምትሠሩት አንድ ልኬት አለ። በዓመቱ በጣም በቀዘቀዘው ሌሊት፣ የቤቱ ሙቀት ሳይለወጥ ቆይቶ፣ የጋዝ ፈርነሳችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚነድድ ቁጠሩ። የፈርነሱ ጎን ላይ ኃይሉ ተጽፏል። ለምሳሌ 80,000 ቢ.ቲ.ዩ. የሚበላና 80 በመቶው የሚሠራ ከሆነ፣ ለቤቱ የሚሰጠው 64,000 ነው። ከሰዓቱ ግማሹን ብቻ ከነደደ ቤታችሁ በዚያ ብርድ የሚፈልገው 32,000 ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ሻጩ መጥቶ "አምስት ቶን" ሲላችሁ ወረቀቱን አውጡለት።

ቀጥሎ ቀዳዳውን ድፈኑ። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት አቲኩን አልብሱ፣ የዳክቱን መገጣጠሚያ በማስቲክ አሽጉ፣ የበሩን ሥር ዝጉ። ቤቱ ሲታሸግ የሚፈልገው ማሽን ያንሳል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። በሜሪላንድ ከ2008 ጀምሮ "ኤምፓወር ሜሪላንድ" በሚባለው ሕግ መሠረት የመብራት ኩባንያዎች ቤት ለሚያስመረምርና ለሚያሳሽግ ሰው እርዳታ የሚሰጡበት ፕሮግራም አለ። ገንዘቡ የሚመጣው እናንተም ከምትከፍሉት ቢል ነው። የወገኖቼን ቤት ስዞር ግን በዚህ የተጠቀመ የማገኘው ጥቂት ነው። ወደ መብራት ኩባንያችሁ ደውሉና ጠይቁ።

ከዚያ ነው ወደ ማሽኑ የሚኬደው። ወረቀቱ ላይ ብዙ ቁጥር አለ፤ ለክረምት የሚጠቅማችሁ "ኤች.ኤስ.ፒ.ኤፍ.2" የሚባለው ነው። ለ3.4 አካፍሉት። 8.5 የሚል ከሆነ 2.5 ይወጣል፤ በክረምቱ በአማካይ ለአንድ እጅ መብራት ሁለት እጅ ተኩል ሙቀት ታገኛላችሁ ማለት ነው። ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ በዚህ ዓይነቱ ማሽን ላይ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ቁጥር 7.5 ነው። "ሲር2" የሚባለው ደግሞ የበጋው ነው። ሻጮች የሚያወድሱት ይህንን ነው፤ ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ዓይን ይስባል። እናንተ ግን ለብርዱ ነው የምትገዙት፤ የክረምቱን ጠይቁ።

ከሁለቱም የሚበልጠው ግን ብሮሹሩ ፊት ላይ የማይጻፈው ነው፦ "በ17 ዲግሪ ስንት ቢ.ቲ.ዩ. ይሰጣል? በ5 ዲግሪስ?" ባለ 3 ቶን የተባለ ማሽን ያን ያህል ሙቀት የሚሰጠው ውጭው ለስለስ ባለበት ቀን ነው፤ በብርድ ብዙዎቹ ከዚያ በታች ይወርዳሉ። ለብርድ አገር ተብለው በኢነርጂ ስታር የተመዘገቡት በ5 ዲግሪ ፋራናይት ቢያንስ የ47 ዲግሪ ጉልበታቸውን 70 በመቶ መያዝ አለባቸው። በልክ የተመረጠ እንዲህ ያለ ማሽን ካላችሁ ያ ሦስት ምጣድ በዓመት ውስጥ የሚነሳው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በተቻለ መጠን ደግሞ ኢንቨርተር ያለውን ምረጡ። ተራው ማሽን ወይ ሙሉ ነው ወይ ጠፍቷል፤ ኢንቨርተሩ ግን እሳቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሽሮ በሚንበለበል እሳት እንደማይበስለው ሁሉ፣ ቤትም የሚሞቀው ሳያቋርጥ በሚነድድ ለስላሳ እሳት ነው።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልናገር፣ ሻጮች የሚዘሉት ይህን ነው። ቤታችሁ በኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በናፍጣ ወይም በፕሮፔን የሚሞቅ ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ ሂት ፓምፕ በአብዛኛው ያዋጣችኋል። በቧንቧ ጋዝ ከሆነ ግን አስሉ። የመብራት ቢሉን ጠቅላላ ገንዘብ ለተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉ፤ የጋዙንም ለቴርሙ፣ ማለትም ቢሉ ላይ ለተጻፈው የጋዝ መለኪያ። ከላይ እንዳየነው 2.5 እጥፍ ለሚሰጥ ማሽን፣ የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አሮጌ ባለ 80 በመቶ ፈርነስ ካላችሁ በ9.4፣ አዲስ ባለ 95 በመቶ ካላችሁ በ11 አባዙ። የወጣው ከቴርሙ ዋጋ ካነሰ ሂት ፓምፑ ይረክሳል፤ ከበለጠ ጋዙ ይረክሳል። ለምሳሌ መብራቱ 18 ሳንቲም ከሆነ፣ በአሮጌው ፈርነስ ስሌት 1.69 ዶላር፣ በአዲሱ 1.98 ዶላር ይመጣል። ቴርሙን ስንት እየከፈላችሁ እንደሆነ ቢላችሁን አውጡና እዩ።

ስለዚህ ጋዝ ላለው ሰው የምመክረው እንዲህ ነው። የሚሠራ አዲስ ፈርነስ አታስነቅሉ። ኤሲያችሁ ሲሞት ግን በቦታው ኤሲ ብቻ አታስገቡ፤ ትንሽ ጨምራችሁ ሂት ፓምፕ አስገቡበት። ፈርነሱ ለከባዱ ብርድ ብቻ ይቀመጥ፤ የቀረውን ክረምት ሂት ፓምፑ ይሸከመዋል። የጋዝ ዋጋ ሲንር ወደዚህ፣ የመብራት ሲንር ወደዚያ የማዘንበል ነፃነት ይኖራችኋል። ፈርነሱ አርጅቶ ጋዙን ጨርሳችሁ ልትቆርጡ ከሆነ ደግሞ የመብራት ፓነላችሁን አስቀድማችሁ አሳዩ። ባለ 10 ኪሎዋት ሽቦ ብቻውን 42 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ብዙ አሮጌ ቤት ፓነሉ 100 አምፔር ነው፣ ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ የልብስ ማድረቂያና የበዓሉ ምጣድ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የፌዴራሉ መንግሥት ለሂት ፓምፕ ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ፣ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ የታክስ ቅናሽ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለተገጠመ ማሽን ቀርቷል። ዛሬም በዚያ ቅናሽ አስልቶ ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው፤ በሁለቱም መንገድ አትፈርሙለት።

ሻጭ ቤታችሁ ሲመጣ እንግዳ ተቀባይነታችን ይጎዳናል። ቡና አፍልተን፣ ወንበር ስበን "እሺ" እንላለን፤ ሰው ደጃችን ደርሶ ባዶ እጁን ሲመለስ ያሳፍረናል። ቡናውን ስጡት። ፊርማውን ግን አቆዩት። የቤታችሁን ስሌት በወረቀት ይስጣችሁ። የውጭውና የውስጡ ክፍል ተጣምረው መፈተናቸውን የሚያሳየውን የኤ.ኤች.አር.አይ. ምስክር ወረቀት ያሳያችሁ። ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ያውጣ። ሽቦው ከስንት ዲግሪ በታች ብቻ እንዲነሳ ቴርሞስታቱ ላይ እንደሚቆልፈው ይጻፍላችሁ። "ዛሬ ማታ ካልፈረማችሁ ዋጋው ይጨምራል" ካለ በሩን አሳዩት። ሌላ ሁለት ሰው ሳይመጣ አትወስኑ።

ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ቴርሞስታቱን አትነካኩ። በጋዙ ዘመን ወደ ሥራ ስንሄድ ወደ 60 አውርደን ማታ ወደ 72 እናወጣው ነበር። በሂት ፓምፕ እንዲህ ስናደርግ ማሽኑ ርቀቱ በዝቶበት ሽቦውን ለእርዳታ ይጠራል፣ ቀን የቆጠብነው ማታ ይቃጠላል። 68 ወይም 70 ላይ አድርጉና ተዉት።

የእማማን ቤት ማሽን መመለስ አልተቻለም፤ ውሉ ተፈርሟል። የቻልኩትን አደረግሁ። አቲኩን አለበስን፣ ዳክቱን አሸግን፣ የመመለሻውን ዳክት አሰፋሁት፣ ሽቦውን ከ25 ዲግሪ በታች ካልሆነ እንዳይነሳ ቆለፍኩት። ከዚያ ከእማማ ጋር ቴርሞስታቱ ፊት ቆመን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው፤ "ይህን አይንኩ፣ እጅዎ ላይ ለብ ቢልም ቤቱ ይሞቃል" አልኳቸው። በየካቲት መጨረሻ ደወሉልኝ። ላይ ያለው መኝታ ቤት ሞቆ ልጆቹ ብርድ ልብስ እየገፈፉ ማደራቸውን ነገሩኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቢሉም ወርዷል አለችኝ፤ እንግዲህ በእኔ የመጣ አይደለም ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አይደለም እማማ" አልኳቸው። "ከመጀመሪያውም በእርስዎ አልነበረም።"